የአብርሃ ሠራዊት ልጆች? ከሮማዎች እስከ ሼክ ዑስማን

(መለያ ዜማ፤ ከዚያ እየቀነሰ ይጠፋል)

የዛሬው ወጋችን ባሕር ማዶ ስላሉ ሰዎች ነው። ባሕሩ ግን ጠባብ ነው፤ ወሬውም እኛኑ ይነካል። አስቀድሜ ላስታውቃችሁ፤ «ዓመተ ምሕረት» ብዬ ካልጠቀስኩ በስተቀር በዚህ ዝግጅት የምትሰሟቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሼክ ዑስማን ዛሬ የኤደን ሰፈር ነው፤ ድሮ ግን ለብቻው የቆመ ከተማ ነበር። አሮጌው የኤደን ከተማ የተሠራው በጠፋ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን፣ ሼክ ዑስማን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ወደ ላሕጅ በሚያወጣው አሸዋማ ሜዳ ላይ ይገኛል። ስሙን ያገኘው እዚያ ከተቀበረ አንድ ሼክ ነው። የጉድጓድ ውሃ ስላለው እንግሊዞች መሬቱን ሳይገዙ በፊት ውሃውን በቦይ ወደ ኤደን ይስቡ ነበር፤ በ1882 ደግሞ ሰፈሩን ከነውሃው ከላሕጅ ሱልጣን ገዝተው ጠቀለሉት። ከዚያ ወዲህ ከሰሜን የመን ሥራ ፍለጋ የወረደው፣ ሶማሌው፣ ህንዱ፣ ሐበሻው ሁሉ እዚህ አርፏል። በሚያዝያ 2019 እንኳ፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ከየመንገዱ ተለቅመው በስታዲየሞች ታጉረው ነበር። ከነዚያ ስታዲየሞች አንዱ፣ «22 ሜይ» የሚባለው፣ ያለው ሼክ ዑስማን ውስጥ ነው። ስለዚህ ስሙን ከቤተሰብ የስልክ ወሬ የምታውቁት አትጠፉም።

ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር የዚህን ሰፈር ገበያ የሚያይ ሰው ቀድመው ዓይኑ ውስጥ የሚገቡት ጠራጊዎቹ ናቸው። ረዥም መጥረጊያ፣ የእጅ ጋሪ፣ አንዳንዱ ላይ ብርቱካንማ ሰደርያ። ያደረውን የጫት ገረባ፣ የፕላስቲክ ከረጢቱን፣ የዓሣውን ቅርፊት እየሰበሰቡ ጋሪው ላይ ይከምራሉ። ሻይ ቤቶቹ ወተት የገባበትን የኤደን ሻይ ማፍላት ሲጀምሩ እነሱ መንገዱን አጽድተው ያልፋሉ። ሴቶቹና ልጆቹ ደግሞ ጣሳና ጠርሙስ ይለቅማሉ፣ ይለምናሉ። መልካቸው ጠቆር ይላል። ቋንቋቸው አረብኛ፣ ሃይማኖታቸው እስልምና፣ አገራቸውም የመን ነው። ሰፈርተኛው ግን «አኽዳም» ይላቸዋል፤ አገልጋዮች ማለቱ ነው። አረብ ቤት ሠርታችሁ የተመለሳችሁ እህቶቻችን የዚህን ቃል ዘመድ ከነምሬቱ ታውቁታላችሁ። እነሱ ስድብ ስለሆነባቸው አይወዱትም፤ «ሙሀመሺን»፣ ማለትም ዳር የተገፉ፣ መባልን ይመርጣሉ። እኔም ከዚህ በኋላ በዚሁ ስም እጠራቸዋለሁ።

እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ ብላችሁ የመናዊውን ብትጠይቁት፣ ብዙውን ጊዜ መልሱ አፉ ላይ ነው፤ «የሐበሻው የአብርሃ ወታደሮች ርዝራዥ ናቸው» ይላችኋል። ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ያ ሠራዊት ተሸንፎ ሲበተን አገር ቤት መመለስ ያቃታቸው ተይዘው አገልጋይ ተደረጉ፣ የነዚያ ልጆች ልጆች ናቸው ዛሬ መንገድ የሚጠርጉት፤ ወሬው በአጭሩ ይኸው ነው።

እንግዲህ ይህ እውነት ከሆነ ዘመዶቻችን ናቸው። ውሸት ከሆነ ደግሞ ስማችን ሰው መግፊያ ሆኗል ማለት ነው። በየትኛውም በኩል እኛን አያገባንም ለማለት አንችልም። ታዲያ የአንድን ሕዝብ ትውልድ ማጣራት የሚቻለው እንዴት ነው? ይህን ለማየት ለጥቂት ጊዜ ከኤደን ወጥተን ወደ አውሮፓ መዞር ይኖርብናል፤ ምክንያቱም መነሻው ለዘመናት በሐሰት ሲነገርለት ኖሮ በመጨረሻ እውነቱ የተገኘለት አንድ ሕዝብ አለ። እሱም የሮማ ሕዝብ ነው፤ ፈረንጆቹ በንቀት «ጂፕሲ» የሚሉት።

(አጭር ሙዚቃ)

በነሐሴ 1427 መቶ የሚሆኑ ጠያይም መንገደኞች ፓሪስ ደጃፍ ደረሱ። ወንዶቹም ሴቶቹም የጆሮ ጌጥ አድርገዋል፤ ሴቶቹ መዳፍ ያነባሉ። አለቆቻቸው «የታችኛው ግብፅ ሰዎች ነን፣ ስለ ኃጢአታችን ንስሐ እንድንዞር ታዘናል» አሉ። ተመሳሳይ ወሬ ከዚያ በፊትም በጀርመን ከተሞች ተሰምቶ ነበር። አውሮፓ አመነ፤ «ግብፃውያን» ብሎ ጠራቸው፤ «ጂፕሲ» የሚለውም ከዚያው የወጣ ነው። በዚያን ዘመን ለተሳላሚ እህልና ማረፊያ መስጠት ጽድቅ ስለነበር ወሬው ለተናጋሪዎቹ መጀመሪያ ጠቅሟል። ኋላ ግን በግብፃዊ ስም ሕግ ወጣባቸው፣ ተባረሩ፣ ተገረፉ፣ በየአገሩም መገኘታቸው ብቻ የሚያስቀጣ ሆነ።

ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዮሃን ሩዲገር የሚባል የሃሌ ከተማ ጀርመናዊ ምሁር አንድ ቀላል ነገር አደረገ። አንዲት የሮማ ሴት አግኝቶ ተራ ተራ ዓረፍተ ነገሮችን በቋንቋሽ ንገሪኝ አላት። የነገረችውን ጽፎ ከህንዱስታኒ ሰዋስው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠው፤ ውጤቱንም በ1782 አሳተመ። ቋንቋው የግብፅ አልነበረም፤ የህንድ ነበር። በዓመቱ ግሬልማን የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ይህንኑ በሰፊ መጽሐፍ አሠራጨው።

ሬዲዮ ለዚህ ይመቻልና እናንተም በጆሯችሁ መርምሩት። የህንድ ፊልም እያያችሁ ያደጋችሁ በተለይ አድምጡ። ህንዶቹ ሲቆጥሩ ኤክ፣ ዶ፣ ቲን፣ ቻር፣ ፓንች ይላሉ። ሮማዎቹ ደግሞ የክ፣ ዱይ፣ ትሪን፣ ሽታር፣ ፓንጅ። አረቡ ኸምሳ፣ ሰብዓ፣ ዐሽራ ሲል እኛ አምስት፣ ሰባት፣ ዐሥር እንደምንለው ማለት ነው፤ ይህን ያህል የሚቀራረብ ቁጥር በአጋጣሚ አይገኝም።

ይበልጥ የሚገርመው ከስድስት በኋላ ነው። ሮማዎች ሰባትን ኤፍታ፣ ስምንትን ኦክቶ፣ ዘጠኝን ኤንያ ይላሉ፤ ይህ ግሪክኛ ነው። ዐሥር ላይ ሲደርሱ «ደሽ» ብለው እንደገና ወደ ህንድ ይመለሳሉ። ሦስት ቁጥሮች መሀል ላይ ግሪክኛ የሆኑት ሕዝቡ በግሪክኛ ተናጋሪዎች አገር፣ በቢዛንታይን ግዛት፣ ብዙ ትውልድ ስለኖረ ነው። በቋንቋው ውስጥ የፋርስና የአርመን ቃላትም አሉ። የአረብኛ ቃል ግን ከስንት አንድ ነው። በግብፅ ያለፈ ሕዝብ ቢሆን አረብኛ ሳይለጠፍበት ይወጣ ነበር? እንዲህ እንዲህ እየተባለ ጉዞው ተነደፈ፤ ከሰሜን ህንድ ምናልባት የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ ተነስተው፣ በፋርስና በአርመን አድርገው፣ ቢዛንታይን ቆይተው፣ በ14ኛው መቶ ዘመን ባልካን፣ በ15ኛው ደግሞ ምዕራብ አውሮፓ ደረሱ። ይህን መንገድ የሚናገር አንድም የሮማ ዜና መዋዕል የለም። የሚናገረው አፋቸው ነው።

ስለ ባህላቸው ትንሽ ልበላችሁ፤ ኋላ ለሼክ ዑስማን ነገር ይጠቅመናል። ብዙዎቹ የሮማ ወገኖች ብርቱ የንጽሕና ሥርዓት አላቸው። ከወገብ በላይና ከወገብ በታች የሚለበስ ልብስ በአንድ ሳፋ አይታጠብም። የሰው መታጠቢያ የነካው ዕቃ ምግብ አይነካም። በዚህ ሥርዓት ዓይን ርኩስ የሚባለው ይህን ወግ የማያውቀው ባለአገሩ ነው፤ አውሮፓዊው እነሱን ቆሻሻ ናቸው ሲል እነሱም ስለ እሱ ያንኑ ያስባሉ። ጠብ ሲነሳ ፖሊስ ጋ አይኬድም፤ ሽማግሌዎች «ክሪስ» የሚሉትን ሸንጎ ይቀመጣሉ፤ የኛ አገር ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር የሚያደርጉትን ታውቁታላችሁ። በባልካን ያሉት በግንቦት መጀመሪያ የጊዮርጊስን በዓል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በግ አርዶ፣ ቤቱን በለምለም አስጊጦ ያከብረዋል። ሙዚቃቸውማ ዓለም የሚያውቀው ነው፤ የስፔን ፍላሜንኮ ያለነሱ አይታሰብም፣ በቃጠሎ የተጎዳ የግራ እጁን ይዞ የጊታር ጌታ የሆነው ዣንጎ ራይንሃርትም የነሱ ልጅ ነው።

በሌላ በኩል ዛሬ ሩማንያ በምንለው አገር፣ በዋላኪያና በሞልዳቪያ፣ ሮማዎች እስከ 1850ዎቹ አጋማሽ ድረስ በባርነት ይሸጡና ይለወጡ ነበር። ናዚዎች ደግሞ ብዙ መቶ ሺህ ገደሉ፤ የሟቾቹ ቁጥር ከ200 ሺህ እስከ 500 ሺህ ይገመታል። የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ያ ግድያ በዘራቸው ምክንያት የተፈጸመ ጭፍጨፋ መሆኑን ያመነው በ1982 ነው። በሚያዝያ 1971 ለንደን አጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ሮማ ጉባኤ ተቀመጠ። ለሰማይ ሰማያዊ፣ ለምድር አረንጓዴ፣ መሀሉ ላይ ቀይ የጋሪ ጎማ ያለበትን ሰንደቅ ተቀበሉ። ጎማው የህንድን ሰንደቅ መንኮራኩር ያስታውሳል። የትውልዳቸውን ነገር ሌላው ሲተርክላቸው የኖረ ሕዝብ በመጨረሻ ራሱ ጨርቅ ላይ ሰፋው።

በአረቡም ዓለም የነሱ የሩቅ ዘመዶች አሉ፤ «ዶም» ይባላሉ። ኢየሩሳሌም ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች «ዶማሪ» የሚባለውን ህንዳዊ ቋንቋ እስከ ዘመናችን ይዘውት ቆይተዋል። የሼክ ዑስማን ሙሀመሺንን ግን ከእነዚህ ጋር የሚያገናኛቸው የአኗኗር መመሳሰል ነው፤ ከመንደር ዳር መቀመጥ፣ የተናቀ ሥራ፣ ከበሮ፣ ርቆ የሚቆም ባለአገር።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ኤደን እንመለስ። በቁጥሩ ዘዴ ሙሀመሺኑን ብንመረምራቸው ምን እናገኛለን? አረብኛ። አምስትን ኸምሳ፣ ሰባትን ሰብዓ ይላሉ፤ እንደ ጎረቤታቸው። ግዕዝም፣ አማርኛም፣ ሌላ የሐበሻ ቋንቋም የላቸውም። ቋንቋ ሊጠፋ ይችላል፤ ጣና ዳር ያሉት ወይጦዎቻችን የቀድሞ ቋንቋቸውን ጥለው አማርኛ ብቻ ተናጋሪ ሆነዋል። ስለዚህ የቋንቋ አለመኖር ወሬውን አያፈርሰውም፤ ግን አያቆመውምም። የቀረን ታሪኩን ማገላበጥ ነው።

ታሪኩ ደግሞ ለኛ ሩቅ አይደለም። የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ በ525 ገደማ ባሕር ተሻግሮ በየመን የነበረውን የሒምያርን ንጉሥ የወጋው የናግራን ክርስቲያኖች ስለታረዱ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ዛሬም በስንክሳሯ ታስበዋለች። ድል ካደረገ በኋላ አንድ የአገሩን ሰው አንግሦ ተመለሰ። ቀሪውን የሚነግረን በዚያው ዘመን የኖረው የቢዛንታይን ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ነው። እንደ እሱ አባባል ከካሌብ ሠራዊት ብዙዎቹ የሒምያር መሬት ለምለም ሆኖ ስላገኙት አገር ቤት መመለስን እንቢ አሉ። ጥቂት ቆይተውም በተሾመው ንጉሥ ላይ ተነስተው አብርሃን አነገሡ። አብርሃ ማን ነበር? አዱሊስ ወደብ ላይ በመርከብ ንግድ የሚተዳደር የአንድ የሮም መንግሥት ዜጋ ነጋዴ ባሪያ! ካሌብ ሊቀጣቸው 3000 ጦር ላከ። የተላከው ጦር ግን አገሩን ሲያይ እሱም ወደደው፤ አለቃውን ገድሎ ከአብርሃ ጋር ተቀላቀለ። ሁለተኛ ጦር ተላከ፤ እሱም ተመታ።

ይህን ልብ በሉ። ወሬው «ተሸንፈው የቀሩ ምስኪኖች» ይላል፤ በዘመኑ የተጻፈው ግን መሬት ወደው የቀሩ ገዢዎች ነበሩ ይላል። አብርሃ ራሱ በ548 የማሪብን ግድብ አስጠግኖ ሥራውን በድንጋይ አስቀርጿል። በዚያው ጽሑፍ የሐበሻው ንጉሥ፣ የሮሙና የፋርሱ መልእክተኞች እንደመጡለት ይናገራል። ሰንዓ ላይ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ሥርወ መንግሥቱ የወደቀው ከሱ በኋላ፣ በልጆቹ ዘመን፣ በ570ዎቹ ፋርሶች ገብተው አገሩን ሲይዙ ነው። የአረብ ታሪክ ጸሐፊዎች ያን ጊዜ ብዙ ሐበሻ መገደሉን፣ የተረፈውም መዋረዱን ጽፈዋል። ወሬው የሚንጠለጠለው እዚህች ላይ ነው። ከዚያ ተነስቶ እስከ ዛሬዎቹ ጠራጊዎች የሚያደርስ የሰነድ ሰንሰለት ግን የለም። መሀሉ የዐሥራ አራት መቶ ዓመት ባዶ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ሌላ ሐበሻ ይጠቅሳሉ። በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በቲሃማ ሜዳ ላይ ባለችው በዘቢድ ከተማ ከ1022 ጀምሮ የነጃሕ ሥርወ መንግሥት ነገሠ። ነጃሕ በትውልዱ ሐበሻ፣ በዕጣው ባሪያ የነበረ ሰው ነው። ዘሩ አንዴ እየተነቀለ አንዴ እየተመለሰ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። በ1159 ዐሊ ኢብን ማሕዲ የሚባል ሰው ዘቢድን ሲይዝ የነሱ ዘመን አበቃ። «ሙሀመሺን የነዚያ የተሸነፉ ሐበሾች ወገን ናቸው» የሚለው ቢያንስ ዘመኑም ቦታውም ይቀርባል፤ ቲሃማ ዛሬም ሙሀመሺን በብዛት የሚገኙበት ምድር ነው። ሌሎች ደግሞ ከጥንትም የቲሃማ ባላገር የነበሩ ናቸው ይላሉ። በ1850 አርኖና ቬሲየር የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ስለ አኽዳም በፓሪስ መጽሔት ጽሑፍ ሲያወጡ ርእሱ ላይ ያሰፈሩት ስለ «ምናልባታዊ» መነሻቸው እንደሆነ ነው። ዛሬም ከ«ምናልባት» አላለፍንም።

ታዲያ ከነዚህ ሁሉ መሀል የአብርሃው ለምን ገነነ? እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ቁርኣን ቤት ውስጥ ነው። ዝሆን ይዘው ካዕባን ሊያፈርሱ መጡ የሚባሉትን ሰዎች የሚያነሳውን አጭር ምዕራፍ፣ ሱረቱል ፊልን፣ እያንዳንዱ የሙስሊም ልጅ በቃሉ ይይዘዋል። ቅዱሱ መጽሐፍ አብርሃን በስም አይጠራም፤ ስሙን የሚያመጡት ተርጓሚዎቹ ናቸው። ስለ መንገድ ጠራጊዎች ደግሞ ምንም አይልም። ሰው ግን ሁለቱን ገጣጥሞ ካዕባን ሊያፈርስ የመጣ ጦር ዘር አደረጋቸው። እንዲህ ከሆነ በኋላ የነሱ ድህነት የማንም ጥፋት አይሆንም፤ የጥንት ፍርድ ይሆናል። የቀን ሠራተኛን በቋሚነት መቅጠር፣ ለመንደሩ ውሃ ማስገባት፣ ልጁን ክፍል ውስጥ ከሌሎች ጋር ማስቀመጥ፣ ይህ ሁሉ ከተወራው ታሪክ ኋላ ይሸሸጋል።

ለዚህ ማስረጃ አለ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ እዚያው የመን ውስጥ አሳያችኋለሁ። የሐበሻ ደም ሰውን አኽዳም የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ፣ በሃያኛው መቶ ዘመን ወደ አገራችን መጥተው ሱቅ የከፈቱ የመኖች ከሐበሻ እናት የወለዷቸው ልጆች ሁሉ አኽዳም በሆኑ ነበር። «ሙወለድ» እየተባሉ መዘለፋቸው አልቀረም፤ መጥረጊያ ግን አልያዙም። ከነሱ አንዱ ሙሐመድ ዐብዱልወሊ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከኢትዮጵያዊት እናት ተወልዶ ያደገው ይህ ሰው የየመን ዘመናዊ ልብ ወለድ አባት ከሚባሉት ተቆጠረ፣ ዲፕሎማትም ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር የመናዊ ባለሱቅን ታሪክ የጻፈ እሱ ነው። በ1973 የደቡብ የመን ዲፕሎማቶችን የያዘ አውሮፕላን ሲወድቅ አብሮ ሞተ። ስለዚህ ወሳኙ ደም አልነበረም፤ አባትህ ማን ነው፣ ሥራህስ ምንድን ነው የሚለው ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

ሼክ ዑስማን ውስጥ ደግሞ ከወሬ ነጻ የሆነ፣ በወረቀት ላይ የሰፈረ የኢትዮጵያውያን ታሪክም አለ። እንዲያውም የዛሬውን ዝግጅት እዚህ ሰፈር ላይ እንድጀምር ያደረገኝ እሱ ነው።

በመስከረም 1888 «ኦስፕሬይ» የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ያዘች። ውስጣቸው 204 ኦሮሞዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ልጆች። ኤደን አወረዷቸው። ብዙዎቹን ልጆች የተረከበው ሼክ ዑስማን ላይ የነበረ የስኮትላንድ ሚሲዮን ነው። ሚሲዮኑን የመሠረተው ኪት ፋልኮነር የሚባል የካምብሪጅ የአረብኛ ምሁር ነበር፤ በወጣትነቱ በብስክሌት እሽቅድድም የታወቀ ሰው። እሱ ግን ልጆቹን አላያቸውም፤ በ1887 እዚያው በትኩሳት ሞቶ ነበር። ያው ትኩሳት ከልጆቹም ብዙዎቹን ቀጠፈ። ሚሲዮናውያኑ ተስፋ ሲቆርጡ ቀዝቃዛ አገር ፈለጉና በ1890 64ቱን አሳፍረው ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባል ትምህርት ቤት ወሰዷቸው።

እዚያ እንደደረሱ መምህራኑ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠየቋቸው። ስምህ ማን ነው፣ የአባትህ ስምስ፣ ቀያችሁ የት ነው፣ ከብት ነበራችሁ? ማን ወሰደህ፣ ስንት ጌታ ለወጥክ፣ በየት በኩል ባሕር ደረስክ? አንዱ በዘረፋ ተነጥቋል፣ ሌላው በረሃብና በዕዳ ተሸጧል። መልሳቸው ተጻፈ፤ ወረቀቱ ዛሬም አለ። ሳንድራ ሼል የተባሉ ደቡብ አፍሪካዊት የታሪክ ባለሙያ በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ የያንዳንዱን ልጅ መንገድ ከቀዬው እስከ ባሕር ዳርቻው በካርታ ተከታትለውታል።

ከልጆቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ነበረች። እዚያው አደገች፣ አስተማሪ ሆነች፣ ወለደች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ነው፤ ከኔልሰን ማንዴላ ጋር በሮብን ደሴት ዐሥር ዓመት የታሰረው፣ ኋላም በደቡብ አፍሪካ የቋንቋ ፖሊሲ ላይ ትልቅ አሻራ ያሳረፈው ምሁር። አያቱ በእርጅናዋ ልጆቹ በማያውቁት ቋንቋ ለራሷ ታወራ እንደነበር ተናግሯል። ቋንቋው ኦሮምኛ መሆኑን ያወቀው ካደገ በኋላ ነው።

የነዚህን ልጆች ትውልድ የምናውቀው አንድ ሰው «ከየት መጣህ?» ብሎ ራሳቸውን ስለጠየቃቸው ነው። ከሼክ ዑስማን ጥቂት መንገድ ርቀው በዳር ሰዕድ ቆርቆሮና ካርቶን ውስጥ የሚኖሩትን ሙሀመሺን ያንን ጥያቄ የጠየቃቸው ጥቂት ነው፤ ሌላው ሲመልስላቸው ነው የኖረው።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለ ኑሯቸው የማውቀውን ልጨምርላችሁ። መንደራቸው «ማሕዋ» ይባላል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ካርቶን፣ ጨርቅ፣ የዘይት ጣሳ ነው፤ መብራትና ውሃ በብዛት የለም። እያንዳንዱ ማሕዋ «ዓቂል» የሚሉት አለቃ አለው፤ ጠብ ይዳኛል፣ ከማዘጋጃ ቤት ጋር ይነጋገራል። ቲሃማ ላይ ሠርግ ሲደገስ ከበሮ የሚመቱት እነሱ ናቸው፤ ድግሱ ያለነሱ አይሞቅም፤ ልጃቸውን ለማግባት ግን የሚመጣ የለም። የየመን ማኅበረሰብ እንደ ደረጃ የተሠራ ነው፤ ከላይ የነቢዩ ዘር የሆኑት ሰይዶች፣ ቀጥሎ ዳኞቹ፣ ቀጥሎ የጎሣው ሰው፣ ዝቅ ሲል ፀጉር አስተካካዩና ሥጋ ሻጩ፣ ከሁሉም በታች እነሱ። በሰፊው የሚነገር አንድ ተረት አለ፤ ውሻ ሳህንህን ቢልሰው እጠበው፣ እነሱ ቢነኩት ግን ስበረው የሚል። ቅድም ያነሳነውን የሮማዎች ሳፋ አስታውሱት፤ እዚያ የሚጸየፈው የተገፋው ነበር፣ እዚህ ግን ገፊው ነው።

እኛስ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ «ቡዳ» ሲባል የኖረው፣ ለፉጋና ለማንጃ እህል በኮባ ቅጠል ከደጅ የቀረበው በየት አገር ነው? አፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ የቱን ያህል እንደነበር ይመሰክራል።

ደቡብ የመን በ1967 ነጻ ወጥታ ሶሻሊስት ስትሆን ኤደን ላይ «አኽዳም» የሚለው ስም ተከለከለ። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ገቡ፣ አንዳንዶቹ ወታደርና የመንግሥት ሠራተኛ ሆኑ። ዕድሜያቸው የገፋ የኤደን ሙሀመሺን ያንን ዘመን በናፍቆት የሚያነሱት ለዚህ ነው። በ1990 ሁለቱ የመኖች ተዋሐዱ፣ በ1994 ተዋጉ፣ ያ በር እንደገና ጠበበ። ዩኒሴፍ በ2014 በተዕዝ ባስጠናው ጥናት ከአምስት አዋቂ ሙሀመሺን ማንበብና መጻፍ የሚችለው አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የልጁን ልደት ያስመዘገበውም ወላጅ ከመቶ ዐሥር አይሞላም። ያልተመዘገበ ልጅ መታወቂያ አያገኝም፤ መታወቂያ የሌለው ቋሚ ሥራ አያገኝም፤ ስለዚህ መንገድ ይጠርጋል፤ ያውም በቀን ሒሳብ።

በ2008 የታተመው የየመናዊው ደራሲ የዐሊ አልሙቅሪ ልብ ወለድ የማሕዋን ኑሮ ለአረብ አንባቢ ቤት ድረስ አስገብቶ፣ በዓመቱ ለአረብኛ ልብ ወለድ ዓለም አቀፍ ሽልማት በተዘጋጀው ረዥም ዝርዝር ውስጥ ገባ። በ2013 የየመን ብሔራዊ ውይይት ሲከፈት ከ565ቱ ተሳታፊዎች ሙሀመሺንን ወክሎ የተቀመጠው አንድ ሰው ነበር፤ ኑዕማን አልሑዘይፊ። ውይይቱ ሲያበቃ ከመንግሥት ሥራ ዐሥር በመቶው ለነሱ ይሁን የሚል ሐሳብ ተመዘገበ። በዓመቱ ጦርነት መጣና ሐሳቡ ወረቀት ላይ ቀረ። ከሑዴይዳና ከተዕዝ የተፈናቀሉ ሙሀመሺን ወደ ኤደን ጎረፉ፤ ለሌላው ተፈናቃይ ትምህርት ቤትና ዘመድ ቤት ሲከፈት እነሱ ብዙ ቦታ ሜዳ ላይ አደሩ።

ወጣቶቹ ዛሬ ስለ አብርሃ ሲጠየቁ ብዙዎቹ የሚሰጡት መልስ አጭር ነው፤ የመናዊ ነን፣ መታወቂያ ስጡን ይላሉ። የአብርሃ ዘር ይሁኑ አይሁኑ የሚለውን ጥያቄ ታሪክ አጥኚው ሊቀጥልበት ይችላል፤ የዘቢድ መዛግብት ገና ብዙ ያልተነበበ አላቸው። መታወቂያው ግን ለዚያ መልስ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አገራችን ተመልሰን ጣና ዳር እናርፋለን። ጉማሬ አድነው በመብላታቸው ተንቀው የኖሩት፣ ደንገል ሸርበው ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች ስለ ራሳቸው ምን ይላሉ? በዚሁ ሰዓት ጠብቁን።

(መለያ ዜማ)